ከባንኩ ወለል ሥር ያሉት ቅድመ አያታችን

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለኦዳርቴይ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የሊብረቪል ዝናብ አልጠናብህም? ያ የሚያስልህ ደረትህስ ሻል አለው? ሚስትህና ልጆቹስ እንዴት ከርመዋል? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት። ደህና ነን ስልህ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

አሮጌው ባንክ ሊፈርስ ነው። ቦታውን የገዛው ሰው መሬት ውስጥ መኪና የሚያስገባ ፎቅ ሊሠራበት ነው አሉ። እስካሁን ያተረፈን የዝምታው ወር ነው፤ ካህናቱ ከበሮም ማሽንም እንዳይጮህ ከልክለዋል። ወሩ አልቆ ከበሮው በተመታ ማግስት ግን ቁፋሮው ይጀመራል።

ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ስጨነቅ ነገር መደጋገም ይቀናኛል። ባንኩ ሳይሠራ ቦታው የእኛ ቤት ነበር፤ ቅድመ አያታችን ናአ አዶሌም እንደ ጥንቱ ሥርዓት ከመኝታ ቤታቸው ወለል ሥር ተቀበሩ። ቤተሰቡ ቦታውን ለነጮቹ ሲለቅ፣ በየሆሞዎ በዓል እየመጣን የበቆሎውን ምግብ ክፖክፖይን ለናአ አዶሌ እንድንበትንላቸው ነጮቹን ቃል አስገባ። እንግሊዝ ሄዶ የራሳችን መንግሥት ሲመጣ፣ በኋላም ባንኩ ለቆ ቤቱ የሌሊት ወፍ ሲወርሰው፣ ከዚያ ደጅ የመለሰን የለም።

የገዢው ሰው አጎታችንን ላሪያን፣ "አባቴ፣ አንድ ጠዋት ልስጥዎት። አንድ ቦታ ቆፍራችሁ አጽማችሁን አውጡ፤ ሁለተኛ ግን እንዳትለምኑኝ" አላቸው። እሳቸውም በገበያው በኩል በየዓመቱ የሚበትኑበትን የደጁን ደረጃ አሳዩ። ባለፈው ሳምንት ግን ዝናብ በባሕሩ በኩል ያለውን ልስን አራግፎ በጡብ የተደፈነ ሰፊ በር ወጣ። ለካ ከድሮው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነጮቹ ሲጠግኑት በሩን ወደ ገበያው አዙረውት ኖሯል። አያታችን ይህን ስለሚያውቁ አንተን አስከትለው ውስጥ ድረስ ይገቡ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ አንተ ተሰደድክ፤ አጎታችን ደግሞ ከመርከብ ሥራ ተመልሰው መቃብሩ በዚያ ያለ መስሏቸው ያገኙት ደጅ ላይ በተኑ።

ዓሣ ነጋዴዋ አመርሌ ይህን ሰምታ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን የገበያ ዶሮ ስትቀልቡ ኖራችኋላ" አለች። አጎታችን፣ "አንቺ ዝንብ ሳይጨርስልሽ ዓሣሽን ሽጪ" ብለው መለሱላት። ቤት ሲገቡ ግን አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቦታውን ሥለህ ላክልኝ ልልህ አስቤ ነበር። ግን ገንዘብ ተቀባዮቹ የሚቆሙበት ባንኮኒ ፈርሷል፣ ግድግዳው ተነሥቷል፤ ከምን ተነሥተህ ትለካዋለህ? እማዬ እንደምትለው አያታችን ጫማህን አስወልቀው በባዶ እግርህ ያቆሙህ ነበር። "ልጄ ቢረሳው እንኳ እግሩ አይረሳውም" ትላለች። ስለዚህ ና። ተሳስተን ሌላ ቦታ ብንቆፍር ናአ አዶሌን ከአፈር ጋር በመኪና ጭነው የትም ይደፏቸዋል።

ከአጎታችን ጋር እንደተኳረፋችሁ አውቃለሁ። እሳቸው ባሉበት አልገባም ብለህ መማልህንም አልረሳሁም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጀልባው ሰው ሲመለስ አብረኸው እንድትመጣ ግን በእማዬ ጡት እለምንሃለሁ።

ባለቤቴ ኦኮይ ብዙ ሰላም ይልሃል። ልጆቹ "አጎታችን ኦዳርቴይ ምን ይመስላል?" እያሉ ይጠይቁኛል። እማዬ ግንባርህን ትስማለች። አጎታችን ላሪያ ደግሞ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ቆይተው፣ "እኔ በር ስከተል ኖርኩ፤ እሱ ይምጣና ይምራኝ በይው" አሉኝ።

እህትህ ኮርኮይ
አክራ፣ ሜይ 19 ቀን 1986