የእናታችን ቀፎዎች ከጤናዬ በፊት ይነሱ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ አሸብር፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ከሐዘኑ ወዲህ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እህል ይቀምሳሉ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኔ የእምዬን መርዶ በሰማሁ በሳምንቱ ወንድ ልጅ ተገላግያለሁ። ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሳታየው መቅረቷ ግን ያንገበግበኛል። አራስ ቤት ተኝቼ ስለምጽፍ ፊደሌ ተንጋዷል፤ የሚያነቡልዎ መሪጌታ ወርቁ ይታገሡኝ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ደግሞ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ ታናሽ እህታችን ስለ ጤናዬ ነው። እስከ ዛሬ ደብቄዎታለሁ። በጥቅምት፣ እኔ ሳልወልድ፣ መርካቶ ማር ወደሚሸጥበት ተራ አብረን ወጣን። ነጋዴው ቅምሻ እስኪሰጣት ቆማ ስትጠብቅ አንዲት ንብ አንገቷን ነደፈቻት። እኔ ሳቅሁ። የንብ ቤት ልጅ ለአንዲት ንብ ስትጮህ አይቼ ሳቄ መጣ። እንደ ቤታችን ልማድ ከማሩ ቆንጥሬ ቀባኋትና ኮራ በይ አልኳት። ወዲያው መዳፏን ታክክ ጀመር፤ ከንፈሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ተዘጋ፣ ትንፋሿ አፏጨ፣ ጉልበቷም ከዳት። ከተራው ሰው አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ አንዱ ውሃ አምጡ ይላል። እኔ ያን ሆዴን ይዤ ከመቆም በቀር የሠራሁት የለም። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ጁነዲን ሱቁን ክፍቱን ጥሎ ተሸክሟት ሰይቼንቶ ታክሲ ውስጥ ባያስገባት ኖሮ ያን ጊዜውኑ መርዶዋን እሰድልዎ ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። አንድ ድሬሰር አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት ጭኗ ላይ ወጋት። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ ሳልጨርስ ዓይኗን ገለጠች። ሰውየውን እንዴት ባንዲት ንብ ብዬ ጠየቅሁት። የብዙ ሰው ደም መርዙን ይለምደዋል፣ የአንዳንዱ ግን ጠላቴ ብሎ ይይዘዋል አለኝ። እዚህ ሌባ ሲባል ተራው በሙሉ ግር ብሎ ወጥቶ የራሱን ዕቃ እንደሚረጋግጠው ነው፤ የሚገድላት ንቧ ሳትሆን የገዛ ደሟ ግርግር ነው። የሚቀጥለው ከዚህኛው ሊብስ ይችላል አለ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባታችን እንድንለምድ እያሉ በየዓመቱ ክንዳችንን ያስነድፉን አልነበረም? እኔና እርስዎ ለመድን። ጤናዬ በመጨረሻው ጊዜ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሲጠፋ ስንስቅባት ዋልን። ደሟ ያኔ ነግሮን ነበር፤ አልሰማንም።

አሁን ለእምዬ አርባ ካልሄድኩ ትላለች። ባለቤቴ አስናቀው የጭነት መኪናውን ይዞ አሰብ ወርዷል፤ እኔ ከአልጋ አልወርድ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ቀብሯን ሳልደርስ ቀረሁ፤ አርባዋን ብቀር ልጅ ነኝ ልል ነው ወይ አለችኝ። በቅዳሜ አውቶቡስ ትነሳለች። እርስዎ የእምዬ እጅ ያለበትን ቀፎ መንካት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በበሩ ግራና ቀኝ ከጣራው ሥር የተሰቀሉትን አሥራ ሁለቱንም ከእሷ መድረስ በፊት ወንዝ ማዶ ያሻግሩልኝ። እምዬም ብትኖር ይህንኑ ታደርግ ነበር።

መሪጌታ፣ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ ያልኩት ይህን ነው። ድሬሰሩ ሁለት ብልቃጥ መድኃኒትና መርፌ ሰጥቷታል፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ከተነደፈችና ትንፋሽ ካጠራት አትጠብቁ። በጀርባዋ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉት፤ እንዳትቆም። የብልቃጡን አንገት ሰብራችሁ መርፌው ላይ በቀይ እስከተሠመረው ድረስ ቅዱና ከጭኗ ጎን ውጉ። ማር መቀባት የለም። ጠበሉ ከመርፌው በኋላ ይድረስ። ካልተሻላት ሁለተኛውን ድገሙ። ሁለተኛውም ካለቀ ምን እናድርግ ብዬ ድሬሰሩን ጠየቅሁት፤ ሌላ የለም ብሎ የመድኃኒት ሣጥኑን ዘጋ። ማን ይወጋት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ጋሼ፣ መርፌ ይዘው አያውቁም፤ ግን የእርስዎ እጅ ይሁን።

ባለቤትዎን እትዬ አበራሽን እንደ እናት እሷ አለችን ብዬ እጽናናለሁ ይበሉልኝ። ልጅዎን ማሚቱን ጉንጭና ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ አክስቷን ለመቀበል ስትሮጥ ንቦቹን እንዳታስነሳ። መሪጌታ በጸሎት ያስቡን። ደብዳቤውን ወደዚያ የሚመጣው ነጋዴው ፈለቀ ቀድሞ ያደርስልዎታል።

እህትዎ የሻሽወርቅ
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር
ሰኞ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ጋሼ፣ ፈለቀ ሳይነግረኝ ተነሥቶ ሄዷል። እስከ አብነት ሰፈር ድረስ ሰው ልኬ ባስጠይቅ ወደዚያ የሚሄድ ሌላ ሰው ጠፋ። ደብዳቤውን የምታመጣልዎ ጤናዬ ራሷ ናት። ይህ ሲነበብልዎ እንግዲህ በቀፎዎቹ ሥር አልፋ ገብታ አጠገብዎ ተቀምጣለች። ወንድሜ፣ ቀፎዎቹ ሳይነሡ እሷ ከቤት እንዳትወጣ።

ቅዳሜ ታኅሣሥ ፳፫ ቀን ጠዋት፣ መርካቶ