ጨው የለመደ ምላስ

ኅዳር 9
ምስር ቀቀልኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሄድኩት ለጉልበቴ ነበር። ነርሷ ሪሀና ክንዴን አስራ የደም ግፊቴን ሁለቴ ለካች። መቶ ሰማንያ በመቶ ዐሥር። «እትዬ ዘይና፣ ይሄ እኮ ሰው ይጥላል» አለችኝ። ደረቴንም አዳመጠች። ሲር ሲር ይላል አለች። እሱንማ እኔም አውቃለሁ፣ አስሙ ስንት ዘመኑ!

ክኒን ሰጠችኝ፣ በአፍ የሚነፋ መድኃኒትም። የበላሽውን፣ የሄድሽውን፣ ግፊትሽን ጻፊ ብላኝ ስመለስ ይሄን ደብተር ገዛሁ። ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ከጭስ ራቂ... ከጭስ? ሠላሳ ዓመት የከሚሴን ሠርግና ሰደቃ ያበሰልኩት በኤሌክትሪክ ነው እንዴ? ልጄ ፈይሩዝ ጥር ላይ ትዳራለች። የልጄን ሠርግ ወጥ ሌላ ሰው ሊሠራው? «በዚህ ግፊት ድስት አጠገብ አትቆሚም» አለች ሪሀና። እስከ ጥር አወርደዋለሁ። ወላሂ አወርደዋለሁ።

ኅዳር 12
ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ዋለ። የኅዳር ጭስ በሽታ ያባርራል ይላሉ... እኔን ነው ያባረረኝ። በርና መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ሦስቴ ቤት ጠረግኩ፣ በአቧራው ባሰብኝ።

ኅዳር 16
ጨው የሌለው ሽሮ። ኤዲያ! ጭቃ ይሻላል። ፈይሩዝ «እማ፣ እሬት የዋጥሽ መሰልሽ እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

አሻ ብታየኝ እንዴት ደስ ይላት ነበር! የወንድሜ ሚስት። በመውሊድ ዕለት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ዘይና፣ ወጥሽ ጨው በዝቶበታል፣ ምላስሽ ደንዝዟል» ያለችኝ። እኔን! ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። የሠርጉን ጥሪ እንኳ በፈይሩዝ ነው የላክሁላት።

ኅዳር 22
መሄድ ጀመርኩ፣ ወደ ጨፋ በሚወስደው መንገድ። ከሚሴ ላይ ያለ ጉዳይ መሄድ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። «ዘይና፣ አካም ጅርታ? ወዴት ነው?» «መሄዴ ነው።» «ወዴት?» «ዝም ብዬ።» «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው? ማን ታመመ?» ሁለት ባጃጅ ቆመልኝ፣ አንዱ በነፃ ላድርስሽ አለኝ። አንዷማ ለቅሶ የምሄድ መስሏት ሻርፗን አስተካክላ ተከተለችኝ። እሷን ለመመለስ ያወጣሁት ትንፋሽ ከመንገዱ በለጠ።

ኅዳር 23
ዘንቢል ይዤ ወጣሁ። ባዶ። ማንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 30
መቶ ሰባ በመቶ አምስት። ሦስት ሳምንት ጭቃ በልቼ! ክኒኑንም አንድ ቀን አላስቀረሁም። «እየደበቅሽ ትበያለሽ እንዴ?» አለች ሪሀና። እንደ ልጅ! ደሜ ፈላ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «በይ ከጠዋት እስከ ማታ ወደ አፍሽ የሚገባውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ቂጣ፣ ጎመን፣ ቡና።
«ቡናው ስንት ሲኒ?»
ጠዋት ሦስት፣ ቀን ሦስት፣ ማታ ሦስት።
«በስኳር?»
«ምን በወጣኝ! በጨው ነው እንጂ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያደገችው አዲስ አበባ ነው፣ እኛ ቡና በጨው እንደምንጠጣ ከየት ታውቀው! «እትዬ፣ ጨው ቀንሺ አላልኩሽም?» «ከምግብ መስሎኝ። ቡና ምግብ ነው?» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና መድኃኒቱን ነፋሁ።

ዘጠኝ ሲኒ... በየቀኑ። ያ አላህ።

ታኅሣሥ 1
ቡና ያለ ጨው። ማንንም ማየት አልፈልግም።

ታኅሣሥ 20
መቶ አርባ ስምንት በዘጠና ሁለት! እስከ ማሽላው ማሳ ድረስ ሄጄ አንዴም ሳላርፍ ተመለስኩ። እህል የሚወቁበት ጋ ስደርስ አፍንጫዬን በሻርፔ ሸፈንኩ። ደረቴ ዝም አለ። ጎመን ጣዕም አለው ለካ! ሽንኩርቱም ሎሚውም ለየብቻ ይሰማኛል። ሪሀና «እንዲህ ከቀጠልሽ፣ ጭሱ በማይመጣበት በኩል ከቆምሽ፣ ሠርጉን እፈቅድልሻለሁ» አለች። አልሀምዱሊላህ!

ጥር 4
ዛሬ የጎረቤቴን የአስያን ሰደቃ ሠራሁ። እጄ ናፍቆት ነበር። ሁለት ትልልቅ ድስት። በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና በቃው አልኩ። ሰዉ መብላት ጀመረ። ኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «ጨው ይኖራል?» አለ። ከዚያማ የጨው ሳህን ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ሲዞር አየሁ። በእኔ ወጥ ላይ! አስያ «አብሽሪ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ይሄ ምንም ካልሆነ ታዲያ ጉድ የሚባለው ምንድን ነው?

ቤት ገብቼ ያንኑ ወጥ ቀመስኩ። ለእኔ ልክ ነው። እንዲያውም ጨው ጨው ይላል።

ጥር 5
ገባኝ። ያኔ ምላሴ ጨው ጠግቦ አይሰማም ነበር። አሁን ደግሞ ጥቂቷም ትበዛበታለች። አሻ እውነቷን ነበር እንዴ?... አዎ፣ እውነቷን ነበር። በሰው ፊት መናገሯ ግን አሁንም ያቃጥለኛል።

ጥር 7
ሠርጉ ዐሥር ቀን ቀረው። በማንኪያ ለክቼ ልጨምር? በማንኪያ የተሠራ ሠርግ አለ? ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ። ወደ ድሮው ልመለስ አልኩ፣ ለዐሥር ቀን ብቻ፣ ምላሴ እስኪመለስ። የጨው ጣሳውን ከፈትኩ። ፈይሩዝ በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከደንኩት።

ጥር 8
ዘንቢሌን ይዤ ወጣሁ። በአሻ በር አለፍኩ። ተመለስኩ። ደግሞ አለፍኩ። ከውስጥ «ዘይና! ዘንቢልሽ ባዶ መሆኑን አገር ያውቃል፣ ግቢ!» አለችኝ። ገባሁ። «የፈይሩዝን ወጥ ጨው ቅመሽልኝ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና «በሰው ፊት መናገሬ ልክ አልነበረም፣ አውፍ በይኝ» አለች።
«ጨዉስ?»
«ጨዉማ በዝቶ ነበር።»
አይ አሻ! እሷ እቴ፣ መቼ ትለቃለች!

ጥር 18
ትናንት ፈይሩዝን ዳርኩ። ጠዋት ተለካሁ፣ መቶ ሠላሳ ስድስት በሰማንያ ስምንት። ጭሱ በማይደርስበት በኩል ቆሜ ሽንኩርቱን፣ ቅመሙን፣ እሳቱን ሳዝ ዋልኩ። ጨው ላይ ስንደርስ አሻ በመዳፏ ቀመሰች። «ትንሽ።» አስጨመርኩ። «ደግሞ።» ልቤ ቅር እያለው አስጨመርኩ። «በቃው።» አንድም የጨው ሳህን አልዞረም።

አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን እየላሱ «ይሄ የዘይና እጅ ነው፣ እጅሽ ይባረክ!» አሉ። አሚን ብዬ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አሻን አየኋት፣ አንገቷን ደፍታ ሳህን ትሰበስባለች። «እጁ የኔ ነው፣ ምላሱ የአሻ ነው» አልኩ፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ። በሰው ፊት የተጣላነውን በሰው ፊት ጨረስነው።

ልጄ ስትሸኝ አለቀስኩ። ሳለቅስ ትንፋሼ አላጠረኝም። ሰዉ ከተበተነ በኋላ አሻ ጀበናና የጨው ዕቃ ይዛ መጣች። «ላንቺ ብዬ ጀበናው ውስጥ ጨው አልጨመርኩም» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ለኔ ቀዳችልኝ፣ ለራሷ ቀዳች። እኔም ጨዉን አነሳሁና አቀበልኳት።