ለአንበሳው ጅራት

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ጉልበትህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይነዝርህ ነበር፤ ከባሕር ርቀህ እዚያ ትንሽ ጋብ ብሎልህ ከሆነ ደስ ይለኛል። የምትጠብቀው የሸክላ ፋብሪካ አቧራው አያስተነፍስም ሲሉ ሰምቻለሁና ደረትህን ተጠንቀቅ። እኔ የባሕሯ እመቤት ትመስገን፣ ከግራ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። እሱ ከጆሮዬ በላይ አልሄድም ብሎ አድሟል።

ናፍቄሃለሁ ብልህ አታምነኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ፣ በየአዲስ ዓመቱ በስልክ ለምትልክልኝ ሰላምታ የርችት ሥዕል ብቻ እየመለስኩ ከርሜ፣ ዛሬ ስለ ናፍቆት ባወራ ማን ያምነኛል? በወረቀት መጻፌም በስልክ ከሆነ ጽፌ ጽፌ እንደምሰርዘው ስለማውቅ ነው። ዓሣ ጫኙ ሹፌር ነገ ወደ አንተ ከተማ ስለሚሄድ በእጅህ ያደርስልኛል።

መጀመሪያ ብስጭቴን ላውጣው። እሱ ካልወጣ ሌላው አይወጣም።

የባሕሯ እመቤት የልደት በዓል የፊታችን ሰኞ ነው። ዘንድሮ የከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት «የባሕር ባህል ሳምንት» የሚል ስም አውጥቶለታል። ከወደቡ ዳር መድረክ ተሠርቷል፣ ሁለት መቶ ወንበር ተደርድሯል፣ የሁሉም የጭፈራ ማኅበር ተጠሪ ስብሰባ ተጠርቷል። ሰብሳቢዋ ወይዘሪት ቱንግ የምትባል ልጅ ናት። ትሑት ናት፣ ሻይ በእጇ ታቀርባለች፣ ሽማግሌ ሲገባ ትነሣለች። ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ።

«ለአንበሳ ጭፈራችሁ ስምንት ደቂቃ ተመድቦላችኋል» አለችን።

«አንበሳ በስምንት ደቂቃ ከእንቅልፉ አይነቃም» አልኳት።

«እንግዲያው ነቅቶ ይምጣልን» አለችና ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ያ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ቀጠለች። ከበሮው ከድምፅ ማጉያ ይወጣል፤ የእኛው ከበሮ መቺ ኩክ ከፈለገ ከጎን ቆሞ እጁን ሊያወዛውዝ ይችላል። ርችት የለም። አንበሳው በልቶ ለበረከት የሚተፋው ሰላጣ ደግሞ ምንጣፍ ስለሚያበላሽ የፕላስቲክ ይሁን። ኩክን ታውቀዋለህ፤ ተነሥቶ «እመቤቴ፣ የፕላስቲክ ሰላጣ የበላ አንበሳ በረከት ብሎ ምኑን ይትፋ?» አላት። እሷም በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፤ ምን ብላ እንደጻፈችው እንጃ።

ብዙ ተነታርከን በመጨረሻ አንድ ነገር ለቀቀችልን። ሰኞ ጠዋት፣ መድረኩ ሳይከፈት፣ አንበሳችን በጨው ዓሣ ሠፈር እንዲያልፍ ፈቀደች። ግን ከአንበሳው ጨርቅ ሥር ጭንቅላትና ጅራት ሆኖ የሚጨፍር ጥንድ ካላቀረብን ጠዋቱ በባሕሩ ዳር ላለው ሆቴል ቡድን ይሰጣል። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ መልሶ እንደማይገኝ አንተም እኔም እናውቃለን።

አንተ ከሄድክ ወዲህ በሠፈሩ አንበሳ አላለፈም። እማማ ሎክ ሁለት ዓመት ሰላጣዋን ከፎቋ መስኮት ሰቅላ፣ አጠውልጋ አውርዳለች። አምና ከደረቀ ዓሣዋ መሐል ተቀምጣ «ዘንድሮም አልመጣችሁም?» ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ተሳድባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጥንድ ከየት ይምጣ? የቀሩት ጎረምሶች ሁሉ ጭንቅላቱን ነው የሚፈልጉት። የማኅበራችን መምህር ሞክ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ገና ሃያ አልሞላውም። «ቀና የሚል ሞልቷል፤ ጎንበስ የሚል ነው የጠፋው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ትከሻህ ጭንቅላት አይሸከምም። ወገብህ ግን ይታጠፋል። ጅራት ሁን።»

ደሜ ፈላ። «ሠላሳ ዓመት ጭንቅላት ይዞ የኖረ ሰው ጅራት ሁን ይባላል?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት ጅራት ሆኖ የኖረው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም» አሉኝ።

እሺ አልኩ።

አሁን የምነግርህን ልጅህ እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር፤ ቃሌን አፍርሻለሁ። ባለፈው ወር ሱክሊን ከጀልባ ትኬት መሸጫዋ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ማኅበሩ ቤት መጣችና «ጭንቅላቱን እኔ እይዛለሁ» አለች። መምህር ሞክ በዚህ ቤት ሴት ልጅ ጭንቅላት ይዛ አታውቅም አሏት። «በዚህ ቤት ጅራት ታጥቶም አያውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ሁላችንም ያላየነውን እያየን ነው» ብላ መለሰችላቸው። ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይከለክላታል?

እንዲህ ሆነን ጀመርን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከጨርቁ ሥር፣ ሁለት እጄ መታጠቂያዋ ላይ። ወንድሜ፣ ያ ጨርቅ ውስጡ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ የሰው ላብ ይሸታል፤ የሚታየው የፊተኛው ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ለማን እንደሚያጨበጭብ አይታወቅም። ሠላሳ ዓመት ከጀርባዬ ምን እንዳለ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። በየበዓሉ ማግስት «ወገቤን» ስትል «አርጅተሃል» እያልኩ አሾፍብህ ነበር።

ልጅህ ሥራ ታውቃለች። ከአንዱ ምሶሶ ወደ ሌላው ከመዝለሏ በፊት ሁልጊዜ ተረከዟን ሁለቴ ትመታለች፤ እኔ መታጠቂያዋን አንዴ እስክስብላት ትጠብቃለች፤ ከዚያ ነው የምትነሣው። አንዴ እጄ አልቦኝ ዘገየሁ፤ እሷ ግን ምሶሶው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ይህን ያህል መጠበቅ ማን አስተማረሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጅራት ያሳደገኝ ልጅ ነኝ እኮ» አለችኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ልምምዱ እንደ ቅቤ ሄደልን። ስንጨርስ ኩክ ከበሮውን አስቀምጦ፣ ሊያመሰግነኝ ብሎ፣ «አያችሁ፣ ጅራቱ ደህና ሲሆን ማን ይወድቃል!» አለ። ክፋት አስቦ አይደለም። በከተማው ሁሉ ሦስት ዓመት ሲባል የኖረውን ነው የደገመው። እጄ ገና በልጅህ መታጠቂያ ላይ ነበርና ወገቧ እንደ እንጨት ድርቅ ሲል ተሰማኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ከጨርቁ ወጣሁና በሰዎቹ ሁሉ ፊት ተናገርኩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በወደቅንበት ቀን፣ ሰባተኛው ምሶሶ ላይ፣ ተረከዜን አልመታሁም። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ወደ እኛ ሲዞር አየሁት፤ የሆቴሉ ቡድን ከእኛ በፊት ሲጨበጨብለትም ሰምቼ ነበር። አንተን መጠበቅ ረዘመብኝና ዘለልኩ። አንተ ልትስበኝ ይቅርና ገና እግርህን እንኳ አላስተካከልክም ነበር። ሁለታችንም ወረድን። ትከሻዬ ተሰበረ፤ ሕዝቡም ያየውን አየ፤ ጅራቱ ጣለው አለ። እኔም በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ሲሉ ሰማሁና ዝም አልኩ። መጀመሪያ ሕመሙ ነው ብዬ፣ በኋላ ረፍዷል ብዬ።

የቤታችንን ሕግ ላስታውስህ አይገባኝም። ጓደኛውን የጣለ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ሻይ ይቀዳለታል፣ መታጠቂያውን ምስማር ላይ ይሰቅላል፣ ሦስት ዓመት አንበሳ አይነካም። አንተ ቀዳህልኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልክ። እኔም ክንዴ አንገቴ ላይ እንደታሰረ በአንዱ እጄ ተቀብዬ ጠጣሁት። ትኩስ ነበር፤ አላበረድኩትም፣ ቶሎ ጨረስኩት። በሳምንቱ ሚስትህንና ልጅህን ትተህ ወደ ሸክላ ፋብሪካው ሄድክ።

ማክሰኞ ይህን ስናገር ኩክ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። መምህር ሞክ «ሻይ» ብቻ አሉ። አንተ የለህምና በአንተ ምትክ ለልጅህ ተንበርክኬ ቀዳሁ። በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ፤ አልተቀበለችኝም።

«ይህ ሻይ የእኔ አይደለም ጋሼ» አለችኝ።

ላትምረኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ቁጢጥ ብላ ቀስ ብላ ነገረችኝ። «አባቴ ያውቃል። ተረከዝ እንዳልሰማ ያን ቀን ለእናቴ ሲነግራት ነበርኩ። እናቴ ሄደህ ተናገር ብትለው ‹ትከሻው ተሰብሯል፤ ጭንቅላቱንም ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል?› አላት። እኛንም አስምሎን ሄደ።»

ታውቅ ነበር። ወንድሜ፣ እያወቅህ ነው የቀዳህልኝ። ሻዩን ስትሰጠኝ ቀና ብለህ ዓይኔን አላየኸኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ አፍረህ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔ እንዳላፍር ኖሯል።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድልህ ብሎኛል። በወይዘሪት ቱንግ፣ በመድረኩ፣ በፕላስቲኩ ሰላጣ ስበሳጭ የከረምኩት ሁሉ አሁን ሳየው ሰው የማጣት ብስጭት ነበር። ስምንት ደቂቃ አጠረኝ ብዬ ስጮህ፣ አንተን ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል መጠበቅ አቅቶኝ ነበር። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ ቃሉ ያጥረኛል።

መምህር ሞክ በሕጉ መሠረት መታጠቂያዬን ተቀብለውኛል። ሦስት ዓመት። በደስታ ሰጠኋቸው ብልህ ውሸት ነው፤ አልቅሼ ነው የሰጠሁት። እውነቱን መናገሬ ግን ሌላ ጉድ አመጣ፤ አንበሳው ጭንቅላት ኖሮት ጅራት አጣ። ልጅህ በነጋታው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ ለወይዘሪት ቱንግ ሁሉንም አስረዳች። ወይዘሪት ቱንግም በደግነቷ «የጅራቱ ስም እስከ ሰኞ ጠዋት ክፍት ይቆይ፤ ፊቱን እንደሆነ ማንም አያየውም» አለቻት። ልጅህ ይህን ስትነግረኝ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ሱክሊን ብቻዋን በየቀኑ ትለማመዳለች። ተረከዟን ሁለቴ ትመታና ትቆማለች። የሚስብላት ስለሌለ ተመልሳ ትወርዳለች። ኩክ ከበሮውን እየመታላት ይህን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ትናንት መምህር ሞክ የአንተን መታጠቂያ ከምስማሩ አውርደው ለልጅህ «እጠቢው» ሲሏት አይቻለሁ። በእሳቸው ቆጠራ ሦስት ዓመትህ እሑድ ይሞላል።

ና አልልህም። አንተን ለመጥራት እኔ ማን ነኝ? ሹፌሩ ግን እሑድ ጠዋት ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለም። ወሬ ይወዳል፤ መንገዱ አይረዝምም።

ባትመጣም አልቀየምህም። እመቤቲቱ ጉልበትህን ታጽናልህ፣ ከአቧራውም ከክፉ ሰውም ትጠብቅህ። የሚስትህን እጅ፣ የልጅህን ዕድሜ ትባርክልህ። ሰኞ ጠዋት እኔ ከእማማ ሎክ መስኮት ሥር ከሕዝቡ ጋር እቆማለሁ። ከጨርቁ ሥር የሚታዩትን አራት እግሮች አያለሁ፤ የፊተኞቹን ለይቼ አውቃቸዋለሁ።

የበደለህ ወንድምህ