በዘፈኖቹ መሀል የሚመጣው ድምፅ

ውድ ናሆም፣

የላክኸው አስፋው ደርሷል። አሁን ከሱቄ በር ላይ፣ ሻይ ሻጯ ዛሂራ ባዋሰችው በርጩማ ተቀምጦ ሦስተኛ ሻዩን እየጠጣ ነው። ነገ ጠዋት በግብፅ ድንበር፣ በሐልፋ በኩል ወደ ካይሮ ሲመለስ ይህን ወረቀት ይዞልህ ይመጣል። በስልክም መጻፍ እችል ነበር፤ ግን አንተ ያልወደድከውን ነገር በአንድ ጣት ገፋ አድርገህ የምታጠፋ ሰው ነህ። ወረቀት ለመቅደድ ቢያንስ ሁለት እጅ ይጠይቅሃል። ስለዚህ ወረቀት ይሁን ብያለሁ።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ልታገባ መሆኑን የሰማሁት ከአስፋው አፍ ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ መሬት መሬት እያየ መልእክትህን አራገፈው።

«ናርዲ፣ ወላሂ እኔ የለሁበትም። የላክሁላትን ድምፅ ሁሉ ከስልኳም ከላፕቶፑም ላይ ታጥፋልኝ፣ ስታጠፋም በዓይንህ እይልኝ ነው ያለኝ። የሚያገባት ልጅ ወንድሞች እዚህ ቡሪ ውስጥ አንዲት የሚያውቃት ሴት አለች ሲባል ሰምተው አፋጥጠውታል። ምን ቸገረሽ፣ ያላ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ኻላስ!»

«ስንት እንደሆኑ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም።»

«አርባ አንድ ናቸው» አልኩት። «እሱ ስላለ አላጠፋም።»

አስፋው ምስኪን ነው፣ አልተጨቃጨቀኝም። ወጥቶ ሻይ አዘዘ። እኔ ግን ከአንተ ጋር ሳልጨቃጨቅ አልውልም።

«የሚያውቃት ሴት»! አራት ዓመት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቀርባት ሱቅ ትከሻ ለትከሻ ሠርተን፣ ከአንድ ሳሕን ፉል በልተን፣ እናትህ በስልክ «ምራቴ» እያሉ ሲመርቁኝ ከርመው፣ ዛሬ እኔ «የሚያውቃት ሴት» ሆንኩ። ተናድጃለሁ ናሆም። ብናደድም ግን የምነግርህን ነገር በሥርዓት ነው የምነግርህ።

ያስተማርከኝን አልክድም። ወደ ሱቅህ ስመጣ ስልክ ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። የተንቀራፈፈ ስልክ ሲመጣ፣ ሴቲንጉ ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁጥር ሰባት ጊዜ መታ መታ አድርጎ የተደበቀውን ክፍል መክፈት፣ ከዚያም ገጽ ሲቀየር የሚመጣውን የስክሪኑን መወዛወዝ በግማሽ መቀነስ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ደንበኞቹ የጣትህን ምት እየቆጠሩ ጸበል የተረጨ ይመስል ይደነቁ ነበር፤ አንተም «ስድስት ከሆነ እኮ አይሠራም» እያልክ ታሾፍባቸዋለህ። ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ስንጭን የሠርጉ ከሙሾው ቀድሞ እንዲመጣ ከስሙ ፊት ቁጥር መጻፍ፣ የድሮውን ደካማ ቅጂና የአሁኑን ጯሂ ዘፈን ድምፃቸውን እኩል ማድረግ፣ ሰውየው እንቅልፍ ቢወስደው ማጫወቻው በግማሽ ሰዓት ራሱን እንዲዘጋ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ያንተ ትምህርት ነው።

አንድ ሕግም ነበረህ። «ንጹሕ ስልክ ፈጣን ስልክ ነው» ትል ነበር፤ ከሁሉ በላይ የምትጠላው ደግሞ የድምፅ መልእክት ከዘፈን ጋር ሲደባለቅ ነበር። ማጫወቻው በዋትሳፕ የመጣውን ድምፅ ሁሉ ዘፈን እየመሰለው ከሰልፉ ያስገባዋል፤ ሰውየው እስክስታውን ሲሰማ በመሀል የአጎቱ ልጅ ገብቶ «ጤፍ ተወደደ» ይለዋል። ለዚህ ዘዴ ነበረህ። ድምፆቹ ባሉበት ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር አንድ ባዶ ፋይል ታስቀምጣለህ፣ ማጫወቻው እሱን ሲያይ ፎልደሩን ዘልሎ ያልፋል። ድምፆቹ አይጠፉም፣ ግን አይሰሙም። ይህን ለሁሉም ሰው ሳትጠይቀው ነበር የምትሠራለት። እኔም ካንተ ወርሼ ሳልጠይቅ እሠራ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ አንተ በሐልፋ ወጣህ፣ እኔ ላፕቶፑን በአንሶላ ጠቅልዬ ወደ ገዳሪፍ ሸሸሁ። ከተማው ረገብ ሲል ተመለስኩ። የካርቱም ሁለቷ ሱቃችን በሯም መደርደሪያዋም የለም፤ የመብራቱ ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳው ተመዞ ሄዷል። ሻይ የምትሸጠው ዛሂራ ቡሪ ካለው ቤቷ አንዷን ክፍል ለቀቀችልኝ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቅዬ ሥራ ጀመርኩ። በዚያን ጊዜ ያንተ መልእክት በወር አንድ፣ ኋላም በሦስት ወር አንድ ሆኖ ነበር። «ካርቱም ገብተሽ ምን ልትሠሪ ነው? አሁን ማን ዘፈን ይሰማል?» ብለኸኝ ነበር።

ማን እንደሚሰማ ልንገርህ። ሻምበል የሚባል የጎጃም ልጅ አለ፤ ስሙ ነው እንጂ ማዕረጉ አይደለም። የፈረሱ ቤቶችን ድንጋይ እያነሣ በቀን ሥራ ይውላል። ግራ ጆሮው በፍንዳታ ደንቁሯል። አንድ ቀን ማዳመጫውን እያወዛወዘ ገባ።

«እህቴ፣ ይሄ ሜሞሪሽ ሐራሚ ነው! ዘፋኟን ሰርቆኛል። ክራሩ አለ፣ እሷ የለችም!»

የድሮ ቅጂ ነው፣ ክራሩን በቀኝ፣ ዘፋኟን በግራ አድርገው የቀዱት። ግማሹ ዘፈን የሚፈስሰው ከደነቆረው ጆሮው በኩል ነበር። ሴቲንግ ገብቼ የሁለቱን ጎን ድምፅ አንድ ላይ የምትቀላቅለውን አንዲት ቁልፍ ነካሁ። ሻምበል እንደቆመ ዓይኑን ጨፈነ። «ወላሂ፣ እዚሁ ነበርሽ እንዴ!» አላት፣ ዘፋኟን። በማግስቱ አራት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ።

ለእነሱ ደግሞ ሌላ ነገር ሠራሁላቸው። እዚህ ኔትወርክ ብልጭ ብሎ ነው የሚጠፋው፣ ረዥም ነገር ለመጻፍ ጊዜ የለም። ኪቦርዳቸው ላይ «ደነ» ብለው ሁለት ፊደል ሲጽፉ፣ «ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ፣ ዝም ያልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ ነው» የሚለው ሙሉው እንዲወጣ አደረግሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ጎጃም ውስጥ ስንት እናት በዚያች መልእክት ተረጋግታ ተኝታ እንደምታድር አስበው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፣ መልሴ ያለው እዚያ ነው። እትዬ ማዘንጊያን አንተ አታውቃቸውም። ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖሩ የጎንደር ሴት ናቸው፣ ሶባ ካለው ሆስፒታል ወለል ይወለውላሉ። በጥቅምት ስልካቸው ተንቀራፍፎባቸው አመጡልኝ። ሰባት ጊዜ ነካሁ፣ ግሳንግሱን ጠረግሁ፣ መዝሙሮቻቸውን በቁጥር አሰለፍኩ፣ ያንን ባዶ ፋይልህንም አስቀመጥኩ። ስልኩ እንደ አዲስ ሲሮጥ ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ማዘንጊያ ከሶባ በሁለት ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት።

«ልጄን የት አደረግሽው?»

«የቱን ልጅ፣ እትዬ?»

«ቢልልኝን ነዋ! ከመዝሙሩ መሀል የሚመጣውን! ሦስት ቀን ሙሉ ስወለውል ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ምን አድርገሽው ነው፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ?»

ቢልልኝ አንድ ልጃቸው ነው። በሊቢያ በኩል ከወጣ በኋላ ዓመት ከሰባት ወር ወሬው የለም። የድሮው ሲም ካርዳቸው ስለጠፋ ዋትሳፑ በአዲስ ቁጥር ሲከፈት የተላላኩት ሁሉ ሄዷል፤ የቀሩት ፎልደሩ ውስጥ የተቀመጡት ድምፆች ብቻ ነበሩ። እትዬ ማዘንጊያ ማንበብ አይችሉም፣ ፎልደር የሚባል ነገርም አያውቁም። የሚያውቁት መዝሙሩን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወለል ሲወለውሉ፣ ከአንዱ መዝሙርና ከሌላው መሀል ልጃቸው ብቅ ብሎ እንደሚያናግራቸው ነው። እኔ በጽዳት ስም በሩን ዘጋሁበት።

ባዶዋን ፋይል ወዲያው አወጣኋት። «ይኸው እትዬ፣ አልጠፋም፣ አሁን እከፍትልዎታለሁ» ብዬ ልነካው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይ፣ አትጥሪው። ራሱ ይምጣ። ከጠራሁት ሥራ ያስፈታሁት ይመስለኛል።»

ማጫወቻው እየቀላቀለ እንዲሄድ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አራት መዝሙር አለፈ። ደንበኛ መጣ፣ ነገ ና ብዬ መለስኩት። ከአምስተኛው በኋላ ነፋስ የበዛበት ድምፅ መጣ። «እማ፣ በልተሻል? እኔ በልቻለሁ። ጫማሽን ቀይሪ፣ ያ ወለል ያንሸራትታል።» እትዬ ማዘንጊያ እግራቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። «ቀይሬአለሁ፣ እየው» አሉት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «ያላ፣ ሥራ ይረፍድብኛል» ብለውኝ ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ከዚያ ወዲህ ሕግህን ሽሬዋለሁ። ሰው ሲመጣ «ድምፆቹ ከዘፈኑ ጋር ይምጡ ወይስ ለብቻቸው ይሁኑ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው «ይምጡ» ይላል፣ የጤፉን ወሬ ጭምር። ስልኩ ትንሽ ይቆሽሻል። ይቆሽሽ።

ከራሴም ስልክ ያቺን ባዶ ፋይል አውጥቻታለሁ። ስለዚህ ናሆም፣ እወቀው፣ አንተ ከዘፈኖቹ መሀል ትመጣለህ። ብሎን በጥርሴ ነክሼ ስልክ ስፈታ «ሐልፋ ደረስኩ፣ ሙቀቱ ለጉድ ነው» ትላለህ። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ካይሮ ዳቦ ታወራለህ። መጀመሪያ መጀመሪያ አለቅስ ነበር፣ አልደብቅህም፣ ናፍቀኸኝ ነበር። አሁን ትመጣለህ፣ ታወራለህ፣ ታልፋለህ፣ እኔም ብሎኔን አጠብቃለሁ።

ከአፍህ ስለወጡ ያንተ ይመስሉህ ይሆናል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። አንተ ላክህ፣ እኔ ተቀበልኩ። ገዳሪፍ ውስጥ ከስድስት ሴቶች ጋር በአንዲት ክፍል ታጭቄ፣ የከተማችንን መንደድ በወሬ ስሰማ፣ ከእብደት ያተረፉኝ እነዚያ ድምፆች ናቸው። ያ የእኔ ዕድሜ ነው። ለማንም ሠርግ ተብሎ አይጠረግም። ለማንም አላሰማቸውም፣ በዚህ እመነኝ፤ የልጅቷ ወንድሞች ቡሪ ድረስ ቢመጡም ሻይ ጋብዤ እሸኛቸዋለሁ። ለእሷ ግን እውነቱን ንገራት። ከእኔ ጋር መኖርህ የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም፣ ወንድ ከሆንክ እንደኖርከው ተናገረው።

አስፋው አሁን አንገቱን በበሩ አስገባ።

«ናርዲ፣ በናትሽ፣ አምስቱን ብቻ አጥፊልኝና ሁሉንም አጠፋች ልበለው። ኻላስ፣ እሱም ይረፍ፣ እኔም ልረፍ።»

«ውሸት ተሸክመህ ሐልፋን ያህል በረሃ አትሻገር፣ ይከብድሃል።»

«እሺ ታዲያ ምን ልበለው?»

«አርባ ናቸው በለው።»

«ቅድም አርባ አንድ አላልሽኝም?»

ብዬው ነበር። ደብዳቤውን ስጀምርም አርባ አንድ ነበሩ። አስፋው አንገቱን ከማስገባቱ ጥቂት ቀድሞ ብዕሬን አስቀመጥኩና አንዱን አጠፋሁት፣ ከስልኬም ከላፕቶፑም። ከአስዋን የላክኸው፣ የዘጠኝ ሰከንዱ፣ «ጠብቂኝ» የምትልበት ነው። አስፋው ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ ይጠጣ ስለነበር ሳጠፋው አላየም፤ ስለዚህ ትእዛዝህ ተፈጸመ ብለህ እንዳትደሰት። አርባው የእኔ ነው። ያንን ያጠፋሁት ስላላስፈለገኝ ነው።

ደህና ሁን፣

ናርዶስ
ቡሪ፣ ካርቱም