የጎረሰው ጠመንጃ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1994፣ ከቀኑ 9፡00

አራተኛውን ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ አሠሪዬ ሙሴ ፖል ገባ። በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ጠመንጃ። ዝገት ብቻ። ከታጁራ አንድ አፋር ሽማግሌ ሰጠኝ ይላል። የድሮ የፈረንሳይ የአደን መሣሪያ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሌሎች ስድስት ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ባዶ፣ ሁሉም የተወለወሉ። የዚህኛው ግን ጥይት የሚገባበት መክፈቻው ተጣብቋል። ሐሙስ ጓደኛው ሙሴ ሬኔ ከፈረንሳይ ይመጣል። አሮጌ መሣሪያ ለሰብሳቢዎች የሚያቀርብ ሰው ነው። ሙሴ ፖል እሱ ፊት በመዶሻ ሊከፍተው አስቧል።

አፈሙዙ ወደ ወጥ ቤት ዞሯል። ሳላስበው ፈቀቅ አልኩ። ደብተሬ፣ ሰውነቴ አልረሳም። ማንም አላየኝም መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት 4፡00

ማዳም ገበያ። ባሏ ሙ. ፖል ቢሮ። ቤት ውስጥ እኔና ጠመንጃው።

አቧራውን አራግፊ ተብያለሁ። አራገፍኩ፣ አየሁ። የፊተኛው እንጨት ተቆርጦ አጥሯል፣ ለአደን እንዲቀል። ዝገቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በጨርቅ የሚለቅ ቀይ፣ ብረቱን የበላ ጥቁር። ጥይቱን የሚመታው መምቻ ለመተኮስ እንደተዘጋጀ ወደ ኋላ ተስቦ ቀርቷል። ደስ አላለኝም። የመጋረጃውን ቀጭን ዘንግ አውጥቼ በአፈሙዙ ሰደድኩ። ቆመ። በአውራ ጣቴ ምልክት ይዤ ከውጭ በርሜሉ ላይ ለካሁ። መክፈቻው ጋ ሳይደርስ በአንድ ጣት ቁመት አጠረ። ደገምኩ። ያው።

ጎርሷል።

ስንት ዓመት እንደጎረሰ እግዜር ይወቅ። በመዶሻ ቢመታ…

አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። እነሱ የሚያውቁት የወጥ ቤት ሠራተኛ መሆኔን ነው። በአገሬ ጦር የመሣሪያ ጥገና ክፍል ስምንት ዓመት መሥራቴን፣ ጦሩ ሲበተን በእግሬ ድንበር ማለፌን አያውቁም። የመኖሪያ ወረቀትም የለኝም። ብናገር ከየት አወቅሽው ይላሉ። መልሱ ጋቦዴ እስር ቤት ያስገባኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፣ ከቀኑ 11፡00

ዳቦ ልገዛ ብዬ አርሂባ ሰፈር ደረስኩ፣ እትዬ አስካለ ዘንድ። ድንበሩን አብረን ነው ያለፍነው፤ አሁን ለወደብ ሠራተኞች ምሳ ያበስላሉ። ነገርኳቸው። ዝም በይ አሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ባለፈው ሳምንት አፈሳ ነበር፤ ሁለት የሰፈራቸው ሴቶች በካሚዮን ተጭነው ድንበር ላይ ተጥለዋል። ፈረንጁ ራሱን ቢያጠፋ አንቺን ምን አገባሽ አሉ። ከዚያ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ ቆዩና፣ ማዳሟ ደግ ናት ብለሽኝ ነበር አይደል? ብለው ጠየቁ። ናት አልኩ።

ስመለስ አፈሙዙ እንደገና ወደ ወጥ ቤት። መክፈቻው እንዲላላ ናፍጣ ፈስሶበታል። ለማዳም፣ ባለሙያ ቢያየው አይሻልም? አልኳት። ሳቀች። ሬኔ ባለሙያ ነው አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6፣ ከቀኑ 10፡00

እንግዳው መጣ።

ሙ. ሬኔ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው። የሎሚ ጭማቂ ይዤ ስገባ ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ በፎጣ ተደግፏል። ሙ. ሬኔ ሰደፉን ይዟል። ሙ. ፖል መዶሻውን አንስቷል። አፈሙዙ ፊት ማዳም ቁጭ ብላ መጽሔት ትገልጣለች።

ትሪው ከእጄ ወደቀ።

— ተው! ጎርሷል!

በአማርኛ። ማን ይስማኝ። ከዚያ ፈረንሳይኛው መጣልኝ፤ ጥይት አለበት፣ ማዳም ተነሺ! ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ሙ. ፖል ጮኸብኝ። ሙ. ሬኔ ግን ከየት አወቅሽ አለኝ፣ በቀስታ። ዘንጉን አምጥቼ አሳየሁት። ራሱ ሰደደው፣ ራሱ ለካው። ፊቱ አመድ መሰለ። መዶሻውን ከጓደኛው እጅ ወሰደ።

— ይህን ማን አስተማረሽ?

— ወታደር ነበርኩ፣ ሙሴ።

በቃ። አሥር ዓመት የደበቅኩት በሁለት ቃል ወጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፣ ጠዋት

ማዳም ማታ የመኝታ ቤቷን በር ቆለፈች። አራት ዓመት እዚህ ስኖር ቆልፋ አታውቅም። ጠዋት ቢላዎቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር አየኋት። ያዳንኳት እኔ፣ የምትፈራው እኔን።

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ ከቀኑ 9፡30

አንቺው ክፈቺው ተባልኩ። ግቢው ጥግ፣ አፈሙዙ የአሸዋ ጆንያ ውስጥ። እነሱ ከግንቡ ኋላ። ከሐሙስ ጀምሮ ዘይት ሳጠጣው ነበር። መዶሻ የለም፤ በመዳፍ፣ ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች። ላቤ ዓይኔን አቃጠለኝ። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፣ መሃሉ ጠፋኝ። ሰባት ሰዓት ግድም ላላ። ጥይቱ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ቂጡ ላይ የመመታት ምልክት አለ። አንድ ሰው ምላጩን ስቦ ከሽፎበታል፤ እንደገና አቀባብሎ፣ ሁለተኛ ሳይስብ ትቶታል። ከፊቱ ምን ቆሞ ነበር? ድኩላ? ሰው? ለምን ተወው?

ከዚያ በርሜሉን ወደ ሰማይ አንስቼ አየሁ። ብርሃኑ መሃል ጥቁር ቀለበት፤ እዚያ ላይ በርሜሉ አብጧል። አንድ ጊዜ ተደፍኖ ተተኩሶበታል። እንደገና ቢተኮስበት ፈንድቶ የተኳሹን ፊት ይዞ ይሄዳል።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8፡00

ለካ ሙ. ሬኔ ጠመንጃውን ለገዢ ሊወስደው ነው፤ ገዢው ግን ግድግዳ ላይ አይሰቅልም። ይተኩሳል። ሙ. ሬኔ ወረቀት አቀረበልኝ፤ ደህና ነው፣ ይተኮስበታል ብለሽ ፈርሚ፣ የጦር ባለሙያ ቃል ይከበራል። የቀለበቱን ነገር ነገርኩት። አይቼዋለሁ፣ ትንሽ ነው አለ። ሙ. ፖል ወለል ወለሉን እያየ፣ ፖሊስ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ፣ ስለ ወረቀትሽ ሊረዳሽም ይችላል አለኝ።

ሊረዳሽም። ያቺ «ም» ገባችኝ። ካልፈረምኩ ሊያሳስረኝም ይችላል ማለት ነው። እስከ ነገ ላስብበት አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ጠዋት 12፡00

እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም፣ ጦር ሜዳ ሳለሁም። የማላውቀው ሰው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያስደግፍ ይታየኛል።

ሙ. ሬኔ ዛሬ ይበራል። ጠመንጃው ሳጥን ውስጥ ገብቷል፣ ገና አልተቸነከረም። የሰጠኝን ወረቀት አልነካሁትም። በሌላ ወረቀት፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ጻፍኩ፦ በርሜሉ መሃል ላይ አብጧል። እንዳይተኮስበት። ይገድላል። ጠቅልዬ በርሜሉ ውስጥ ከተትኩት። ሙ. ሬኔ አይቶ ጨርሷል፣ ደግሞ አያይም። የሚቀበለው ሰው ግን መሣሪያ የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚያየው በርሜሉን ነው።

ልብሴ በፌስታል ነው። ሙ. ፖል ሳይነሳ እወጣለሁ። አንቺን ጡቴ ሥር ይዤሽ እሄዳለሁ።