የፊት ጎማ የሌለው አውሮፕላን

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፬ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልነግርሽ ነው። የአባትሽ የአውሮፕላን ፎቶ እውነተኛ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐሙስ ዕለት እውነተኛን ፎቶ ከሐሰተኛ መለየት ስታስተምሪ የእሱን የሐሰት ምሳሌ አድርገሽ ልታሳዪ ነው። «አባዬ ስለሆነ አላድበሰብስም። ኔጋቲቩ ላይ ቀለም የተቀባ ቦታ አግኝቻለሁ» ብለሻል። ዓይንሽ አልሳተም፤ እጁ ግን የእሱ አይደለም።

ያኔ እሱ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ጓዳ ባለችው ጨለማ ክፍል ፊልሙን አጥባለሁ። አንድ ቀን አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሲነሳ፣ ሁለት አውሮፕላኖች ተዛዝለው የሚበሩ የሚመስሉበት ፎቶ ይዞ መጣ።

«አንቺ፣ ዘንድሮ የፎቶ ውድድሩን በላነው በይ!» እያለ እንደ ልጅ ዘለለ።

ፎቶዋ ጽድት ብላ እንድትቀርብለት ብዬ ኔጋቲቩን፣ ማለት የምትታተምበትን ፊልም ሳጸዳ፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነጣ ያለች ነጥብ አየሁ። የአቧራ ጠባሳ መሰለችኝ። በቀጭን ብሩሽ ደፈንኳት። ለካ የሚያርፈው አውሮፕላን የፊት ጎማ ነበረች!

የዳኞቹ ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር አየና፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ፎቶ ስትለጥፍ የፊት ጎማውን ቤት ረሳኸው እንዴ?» አለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኔጋቲቩን አውጥቶ ሲያሳያቸው እዚያም ጎማ የለም።

ቤት ስንገባ፣ «ነክተሻታል እንዴ?» አለኝ።

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አልኩት።

አመነኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የሰፈር ልጆች «አባ ጎማ!» ሲሉት እየሳቀ ያልፋል፤ ካሜራውን ግን ከሰቀለበት አላወረደውም። አንቺ «አባዬ ለምን ተወ?» ስትዪኝ፣ «ሰልችቶት ነው» እልሽ ነበር። እሱ እዚያው ተቀምጦ ያዳምጠኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ቀለሙ በውሃ የሚለቅ ነበር። በማግስቱ በእርጥብ ጥጥ ብጠርገው ጎማዋ ብቅ ትል ነበር። ያን እያወቅኩ፣ እስከ ቀብሩ ድረስ ዝም አልኩ።

ልጄ፣ ኔጋቲቩ አንቺ ጋ ነው። ጥጥ ውሃ ውስጥ ነክረሽ በቀስታ ጥረጊው፤ እንዳትፈትጊው። ፈጣሪ እጅሽን ያጽናው፣ ከእኔ የበለጠ ልብም ይስጥሽ። ማሪኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ፊደል የለየሁት ከእሱ መጽሔቶች ላይ ብቻዬን ነውና፣ የተጣመመ ቃል ካገኘሽ አቃኚው። ሌላ ነገር ግን እንዳትነኪ። ሐሙስ ዕለት ፎቶዋን ስታሳዪ፣ እነዚህን ገጾች እንዳሉ ለተማሪዎችሽ ስጪያቸው።

እናትሽ