የዘለልሁት መስመር

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ቅዳሴው በአማርኛ ነበር። ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያ «እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ» ሲል ጎረቤቴ ይርጌ ትከሻዬን ሳመችኝ። በግዕዙ ጊዜ አንገቷን ዝቅ አድርጋልኝ ብቻ ታልፍ ነበር። ምን ፈልጋ ነው?

ስንወጣ እጄን ያዘችኝ።

«አንች መምህርት፣ እኔም ፊደል ቆጠርሁ እኮ! ጸሎቱን ከመጽሐፉ ልከተል ብዬ። ከእንግዲህ አንብቢልኝ ብዬ አላስቸግርሽም።»

እሰይ አልኋት። እጄን ግን ከእጇ አላቅቄ ነጠላዬን አስተካከልሁ።

ወንድሟ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የላከላት ደብዳቤ ዛሬም ሳጥኗ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ባሌ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር፤ ገብሴን የሚያጭድልኝ ከእሷ በቀር አልነበረኝም። «ታምሜአለሁ፣ ቶሎ ድረሽልኝ» የሚለውን ዘለልሁት። አጨዳውን ሳትጨርስልኝ የወንድሟ መርዶ መጣ።

ቄሱ ዛሬ «ቋንቋውም ሥርዓቱም ይለወጣል፣ ፍቅር ግን ይኖራል» ብለው ሲያስተምሩ እኔን የሚያዩ መሰለኝ። ይርጌ ነግራቸው ይሆን? ደብዳቤውን አንብባው ከሆነ ለምን ሳመችኝ? ካላነበበችውስ እስከ መቼ?

ነገ ገብሴ ይታጨዳል። ሳልጠራት «እመጣለሁ» ብላኛለች። ማጭዱን ይዛ ትመጣ እንደሆነ፣ ወይስ ደብዳቤውን፣ እንጃ። ሳትቀድመኝ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ዛሬም በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ።